ያለ አጋዥ አንድ ዙር

ሳይላ የአባቷን የመኪና ቁልፍ ኪሷ ከታ የአተር ሾርባዋን ትጠጣለች። ሐሙስ ነበር፤ በዚያ ቤት ሐሙስ ማለት የአተር ሾርባ ነው፣ ጠብ ኖረም አልኖረም።

አባቷ ታይስቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስኳር በሽታው እግሮቹን አደንዝዟቸዋል። ሳይላ ደግሞ የአምቡላንስ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ከነመኪናው ከሐይቅ ዳር አውጥታለች፤ ፍሬን የረገጠ መስሎት የረገጠው ነዳጁን ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቷን ስታስብ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ችግሩ ቁልፉ ከሄደ ቤቱም መሄዱ ነው። ሱቁ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ አውቶቡስ የለም። እናቷ አይሊ ዓይኗ ከደከመ፣ መንጃ ፈቃዷንም ከመለሰች ሁለት ክረምት አልፏል። የሚቀራቸው ከተማ ገብቶ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው። ታይስቶ ይህንን ከመቀበር ለይቶ አያየውም።

«ፈትኚኝ» አላት። «ከወደቅሁ ቁልፉ ያንቺ ነው፤ አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

«በዚህ በረዶ ላይ? ምን ነክቶህ ነው አባዬ?»

መላውን ያመጣው ወንድሟ ያርኮ ነው። የመኪና ውድድር ጌሙን ከነመሪው ከነፔዳሉ ጭኖ መጣና መሪውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሰረው። በጫካ መንገድ አንድ ዙር። ዛፍ መንካት የለም። የሆነ ቦታ ላይ አጋዘን መንገዱን ያቋርጣል፤ የት እንደሆነ ያርኮም አያውቅም። ለአጋዘኑ መቆም ነው።

«አጋዦቹን ግን እንደበሩ ልተዋቸው» አለ ያርኮ። «ፍሬኑን የሚመጥነው፣ ጎማው እንዳይሸራተት የሚይዘው። የዛሬ መኪና ሁሉ አለው እኮ።»

«የምፈትነው አባዬን ነው፣ ማሽኑን አይደለም። ሁሉንም አጥፋ።»

«እንደሱማ ከሆነ እኔም አላልፍም።»

«አጥፋ አለችህ፣ አጥፋ» አለ ታይስቶ። «አጋዥ የሚፈልግ ከመጀመሪያው መሪ አይያዝ።»

ሳይላ ያርኮን አላመነችውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር የሚዶልት ነው። ራሷ ገብታ አጋዦቹን አንድ በአንድ አጠፋች። ማርሽ የሚቀይረውን ብቻ ተወችው፤ የአባቷ መኪናም ማርሿን ራሷ ናት የምትቀይረው። ያችን መኪና ስታስብ ደግሞ ትናደዳለች። ታይስቶ ባለፈው ጸደይ ደህናውን መኪናውን ሸጦ፣ ከተዘጋ የመንጃ ማሰልጠኛ አንዲት አሮጌ ገዛ። «ተመቸችኝ» ከማለት ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ፔዳሎቹ ለየብቻቸው የሚቀመጡ ነበሩ። ታይስቶ ለእግሩ እንዲመቹት ጠረጴዛው ስር ገብቶ ሲያስተካክላቸው ቆየ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አይሊ የምትሠራውን ሹራብ ከነመርፌዎቹ ይዛ በቀኙ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አንቺ እዚህ ነይ፣ ሶፋው ይሻልሻል።»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስወዳደር የተቀመጥኩት በቀኙ ነው። ዛሬ ደግሞ የት ልሂድለት?»

ድሮ በመኪና ውድድር አባቷ ይነዳል፣ እናቷ መንገዱን ከደብተር ታነብለታለች። እንዲያ ነበር የኖሩት።

ለማንኛውም ብላ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጥ አድርጋ አጎነበሰች። ሁለት ፔዳልና አራት የሱፍ ካልሲ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቀና አለችና ለያርኮ እጇን ዘረጋችለት።

«ስልክህን።»

«ምን ላደርግበት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ከጌሙ ጋር ይገናኝ ይሆናል። አምጣ።»

ሳቀና ሰጣት። ኪሷ ከተተችው። ሳቁ አላማራትም።

መኪናው ተነሣ። ሳይላ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ፣ አንዱን የያርኮ እጅ ላይ ጣለች። ያርኮ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ግራ፣ ሰፊ» አለ ታይስቶ ዝግ ባለ ድምፅ። «ቀኝ፣ ጠባብ።»

የሳይላ ልብ ተነካ። ያኔ የምትጠራለት እናቷ ነበረች። አሁን ዓይኗ ደብተር አያነብም፤ ሽማግሌው ለራሱ እየጠራ ለራሱ ይነዳል። አይሊ አንገቷን ደፍታለች። መርፌዎቹ ቆመዋል።

«ግራ፣ ጠባብ። ቁልቁለት።»

መኪናው በረዶው ላይ ተንሸራተተ፣ ተመለሰ። ዛፎቹ በግራና በቀኝ ሽው ይላሉ። ሳይላ ሳይታወቃት የወንበሩን ጀርባ ጨምድዳ ይዛ ነበር። እንዲወድቅ ነበር የመጣችው። አሁን ግን እንዳይወድቅ እየለመነች ነው፣ ማንን እንደምትለምን ሳታውቅ።

«ድልድይ።»

መኪናው በጣም ፈጥኖ ገባ። ኋላው ወጣ፣ የድልድዩን ብረት ለጥቂት ሳተው። ያርኮ ትንፋሹን ዋጠ።

«አጋዘን» አለ ታይስቶ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር።

መኪናው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ። አጋዘኑ አየት አደረጋቸውና ጫካው ገባ።

ሳይላ ጌሙን እንደገና ከፈተችና አጋዦቹን አየች። ሁሉም እንደጠፉ ናቸው። ወንድሟን በመጠርጠሯ አፈረች። ቁልፉን አውጥታ ሾርባው አጠገብ አስቀመጠች።

«ይቅርታ አባዬ።»

«ምን አጠፋሽ? ልጄ ስለሆንሽ ነው» አለ ታይስቶ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ ያላባት አይሊን ነበር፤ ግንባሯን በሹራቡ ትጠርጋለች። ሳይላ ጉንጯን ሳመቻት። «አይዞሽ እማዬ፣ አለፈ» አለቻትና ወጣች።

ዋናው መንገድ ሳትደርስ ኪሷ ውስጥ የያርኮ ስልክ ጠራ። እየሳቀች መኪናዋን አዞረች። ስትደርስ ያርኮ ጓሮ እንጨት ይፈልጣል። የአባቷ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ በተሳፋሪው በኩል፣ በአሰልጣኙ ፔዳሎች ሥር፣ ምንጣፉ ከሾፌሩ ይልቅ አልቋል። ሳይላ ገባችና ጫማዋን ልታወልቅ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለች።

«ድልድዩን ዘግይተህ ነው የጠራኸው» ትላለች እናቷ ከወጥ ቤት። «ነገ ሱቅ ስንሄድ ቀደም አድርግልኝ፣ እግሬ እንደ ድሮው አይደለም።»