ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጽጌረዳ

የፕላስቲክ አበባ ቤት ውስጥ ሳይ ይደብረኛል። የአከራዬ የእትዬ ዘነበወርቅ ሳሎን ደግሞ በሱ ተሞልቷል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ያው እንደ ባልዲ ፕላስቲክ ነው! አይሸት፣ አይጠወልግ!» እላቸዋለሁ።

«አለመጠውለጉን ነው የወደድኩለት። አርፈህ ሻይህን ጠጣ፣ አንተ ቀበጥ!»

አንድ እሁድ ላሾፍባቸው ፈለግኩ። የተከራየሁት ክፍል መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የወንድ ሽቶ ነበር። ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ቀይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ላይ ሽቶውን ረጨሁና ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳቄን አፍኜ ጠበቅኳቸው።

መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ምንተስኖት! ልጄ፣ መጣህ እንዴ?»

እየሮጡ እኔ ክፍል ገቡ። አልጋው ስር ሳይቀር ፈለጉት። ልጃቸው በባህር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ክፍሉም የሱ ነበር።

ሽቶው ኪሴ ውስጥ ነው፤ በእጄ ሸፈንኩት።

«በህይወት አለ ማለት ነው፤ ሸተተኝ እኮ!» አሉኝ፣ እየሳቁም እያለቀሱም።

ይኸው ስድስት ወር ሆነ። እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ አበባው ላይ ሽቶውን እረጫለሁ።

ጠርሙሱ ሊያልቅ ነው።