በየሰዓቱ የሚደርሰው መልእክት

የልጄ ሥራ የየቅርንጫፉ ኮምፒውተሮች በየደቂቃው የሚጽፉትን መዝገብ፣ ሎግ የሚሉትን፣ አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ለሥራ ወደ አሶሳ ሲሄድ ጭንቀቴን አይቶ የራሱንም ስልክ ከሚመዘገቡት ጋር አስገባው።

«እማዬ፣ በየሰዓቱ ‹ስልኩ በርቷል› የሚል መልእክት ይደርስሻል። እሱ ሲቀር ታለቅሻለሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ቀን ስደውል አላነሳም። ልቤ ክፉ ክፉውን ቢያስብም መልእክቱ አንድም ሰዓት ሳያጓድል ስለደረሰኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ዛሬ ማለዳ በሩን ስከፍት እህቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። አጠገቧ አብሮት የሄደው ባልደረባው የልጄን ስልክ ይዟል።

«ማዘር፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ መልእክቱ ተቋርጦ ብቻዎን እንዳይረዱ ብለን፣ ስልኩን ቻርጅ ስናደርገው ሰነበትን» አለኝ።