የአስካለ ጣት

ባለቤቴ አስካለ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ ናት። በዚህ ዘመን የመኪናውን ሞላ የሚያስተካክል ሰው ከነጂው ጋር በመሣሪያ ስለሚገናኝ፣ ነጂው የሚሰማው ሁሉ በራሱ ሰውነት ይሰማዋል። ለእሷ ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ነበርኩ። መኪናዋ ኩርባ ላይ ሲያጋድል ወገቤን ያመኛል፤ ያን ጊዜ ሞላውን አጠብቃለሁ። ልቤ ሲደክም ሐኪሞች ከለከሉኝና ቦታዬን ሽመክት ያዘ። የቢሾፍቱ ውድድር እስኪያልቅ ድረስ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ እቤት ስትገባም አብሯት ነው።

ትናንት እራት ስትሠራ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ አስካለ ጣቷን ቆረጠች እንዴ?» አለ ሽመክት።

ቀና ብዬ አየሁ። ሽንኩርቱ ላይ ደም አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን? ጭረት እኮ ናት።»

«እሱ ግን አወቀ።»

«ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው» ብላ ሳቀች። «ደግሞ የኋላውን ሞላ እንዴት አድርጎ እንዳላላልኝ ብታይ! አሁን ኩርባ ላይ ኋላው አይንሸራተትም።»

ለእኔ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ጣቷን በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩላት። መዳፏን እንደ ድሮው ልዳብሰው ስል ሽመክት ትዝ አለኝ። ይሄም ይሰማዋል። እጇን አጥብቄ ጨመቅኩት።

«ንጋቱ! አመመኝ እኮ!»

አልለቀቅኳትም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር፤ እስኪጠራ እጠብቅ ነበር።