አሥራ ስምንቱ አንቀጽ

«እጅህን አንሳ!»

ሜሪግ ካርቶኑን ለቀቀ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኦልወን ክዳኑን መልሰው ገጠሙና ክርናቸውን አሳረፉበት።

«ጎማ ስትፈታ የዋልክበት እጅ እኮ ነው! እዚህ ውስጥ ያለው የሁለት መቶ ዓመት ወረቀት ነው።»

«ኔስታ ስትነካው ዝም ብለዋት የለ?»

«እሷ ታጥባ ነው የምትመጣው። እናቷም በየዓመቱ ትመጣ ነበር።»

«ሌብነቱ በዘር ነዋ!» አለ ሜሪግ።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የሸለቆው የድሮ የገና መዝሙሮች ናቸው። ኔስታ ከሁለት ወንድሞቿ ጋር፣ ሜሪግ ደግሞ ከአያቱና ከአክስቱ ጋር በገና ንጋት ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ።

የንጋቱ ሕግ አጭር ነው። ማንም ስም አይጠራም። የተዘጋጀ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ፊት ይወጣል፣ ያለ መሣሪያ ይዘምራል፣ ይቀመጣል። አንዴ የተዘመረ ግን አይደገምም። በመዝሙርህ ሌላ ሰው ከቀደመህ አፍህን ዘግተህ ወደ ቤትህ ነው።

የሜሪግ ቤት ያለው መዝሙር አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ ስምንት አንቀጽ። አያቱ ቴጊድ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ አይያዝላቸውም። ልባቸውም ደክሟል። ሐኪሙ ስለሚመጣው ዓመት ሲጠየቅ ወሬ ቀይሯል።

«አባባ፣ ኔስታ መዝሙራችንን ልትነጥቀን ነው» አላቸው ሜሪግ እቤት እንደ ገባ።

«ተዋት» አሉ ሽማግሌው፣ እግራቸውን ምድጃው ዳር እያሞቁ።

«እንዴት ነው የምተዋት? ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትወጣው፤ እያደባች እኮ ነው! ለመሆኑ መዝሙሩን ማን ነው የጻፈው? ስሙ ካለ ለቄሱ እናሳያቸው።»

ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪለቃቸው ሜሪግ ጥያቄውን ረሳው።

በገና ንጋት ቤተሰቡን መተላለፊያው ዳር አስቀመጠ። ቄሱ «አሜን» ከማለታቸው ኔስታ ከወዲያ ረድፍ ብድግ ብላ አንገቷን ወደ ሽማግሌው አሰገገች። ሜሪግ አልጠበቀም፤ አያቱን በብብታቸው ደግፎ ወደ ፊት አስሮጣቸው። አክስቱ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለች። ከኋላ ሰው ሳቀ። ኔስታ ተመልሳ ተቀመጠች።

ዘመሩ። አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ የሽማግሌው ቃል ጠፋ። ቀና ብለው ሲያዩ ኔስታ ከመቀመጫዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ቀጠሉ። ሜሪግም አይቷታል፤ በቃሏ ይዛዋለች ማለት ነው። ደሙ ፈላ።

የኔስታ ቤት እንደ ልማዱ መጨረሻ ወጣ። የዘመሩትን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ሰብአ ሰገል በበረዶ መንገድ ይጠፋባቸውና አንዲት አሮጊት ስትሰድባቸው ታድራለች። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ሻይና ዳቦ ቀረበ። ሜሪግ ዳቦውን እያላመጠ ኔስታ ፊት ቆመ።

«እትዬ ኔስታ፣ ቀደምንዎት አይደል? ለዚህ ነው እናትና ልጅ ዕድሜ ልክ ስትገለብጡ የኖራችሁት?»

ኔስታ ስኳሯን አማሰለች። ሽማግሌው ከወዲያ ጥግ ሰው ከቧቸው ይፍነከነካሉ። እንደማይሰሟት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምን እናድርግ የኔ ልጅ፤ የኛን መዝሙር እናንተ ስለምትዘምሩት እኛ በየዓመቱ ሌላ መፈለግ አለብን።»