መቆንጠጫውን የያዘው ሰውዬ

ፊንሌይ መንገዱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ሲያጠና ነው የመጣው። «ቴጋንን ላገባት እፈልጋለሁ፤ ቢመርቁን ደስ ይለኛል።» የቴጋን ቤተሰቦች የሚኖሩባት ታምዎርዝ ከተማ እስኪገባ አንዴም አልተሳሳተም።

የጓሮው በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው።

ቅዳሜ ነው። የቴጋን ዘመዶች ጥብሱን ከበውታል። ጢሱ መሃል አንድ ግዙፍ ሰውዬ በመቆንጠጫ ቋሊማ ያገላብጣል። በዚህ አገር መቆንጠጫውን የሚይዘው የቤቱ ጌታ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካበትም። ፊንሌይ ከዚህ በፊት አይቷቸው ባያውቅም አባቷን አወቃቸው።

«ያ ልጅ የት ቀረ? ከቋሊማው ጋር እንዳልጠብሰው!» አለ ግዙፉ ሰውዬ። ጓሮው በሳቅ ተናጋ።

ፊንሌይ ያገኘውን በር ከፍቶ ገባና ዘጋው።

ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የማሽኑን ቱቦ ይፈታል። ቱቦው ደረቅ ነው። ያረጀ ውሻ እግሩ ሥር ተኝቷል።

«ይቅርታ፣ ሽንት ቤት መስሎኝ...»

«ቆልፈው፣ ወንድሜ።»

ለማሽን ጠጋኝ መናገር አይከብድም። ፊንሌይ ሁሉንም ዘረገፈው። ቴጋንን ከአባቷ ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ሰው ፊት እጁን እንደሚያልበው፣ «መልካም ምግብ» ላለችው አስተናጋጅ «ለአንቺም» ብሎ ያንን ምግብ ቤት ዳግም እንዳልረገጠ።

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «ይቺማ ምን አላት! እኔ በሚስቴ ቀብር ለቀስተኛውን ሁሉ "እንኳን አደረሳችሁ" ስል ነው የዋልኩት። ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።»

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ተንከተከቱ።

«በል፣ እኔን አባቷ አድርገኝና ተለማመድ።»

ፊንሌይ ሸሚዙን አስተካከለ። አንዲት ቃል ሳይስት ተናገረ።

ሰውዬው ቱቦውን አስቀመጠ። «ውሰዳት። ውሻውን ግን ተዉልኝ። እናቷም ብታይህ ትወድህ ነበር።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚያስመስሉት! ምነው፣ አለቀሱ እንዴ?»

«ውሃው ረጭቶኝ ነው።»

ፊንሌይ የሰከረ ያህል ቀለለው። አሁን ግዙፉን ሰውዬ አቅፎ ቢስመውም አይፈራም። ቁልፉን ከፈተ።

ቴጋን ደጃፉ ላይ ቆማለች። በትከሻው በኩል አሻግራ ወለሉን አየች።

«አባዬ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር መቆንጠጫውን ለአጎቴ እየሰጠህ ደህናውን ማሽን መፍታት አትተውም?»