የቤት ጥይት

ሰውየው የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ፣ ቤቱ ተቀምጦ ባሩድና እርሳስ እየሞላ ለመጣ ሁሉ ይሸጣል። ሚስቱ ነጋ ጠባ ትነዘንዘዋለች።

«ባሩዱን ትገዛለህ፣ እርሳሱን ትገዛለህ፣ ዓይንህንም ጨረስክ። የፋብሪካውን አምጥተህ ብትሸጥ አይሻልህም?»

«የኔው ይረክሳል። ደግሞ አይከሽፍም» ይላታል፣ የሞላውን ቀለህ ቂጥ በሞረድ ጫር እያደረገ። ይህች ጭረት የእጁ ምልክት ናት።

ታናሽ ወንድሙ በጥይት ተመቶ በተቀበረ በሳልስቱ፣ እናቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ገባችና በሩን ዘጋች። መዳፉ ላይ ባዶ ቀለህ አስቀምጣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ገዳዩ ከተኮሰበት ቦታ ያነሳሁት ነው። ሙላልኝና ወደ እሱው ይመለስ።»

ገለበጠው። ጭረቷ አለች።

«ምነው፣ ልጄ?» አለች እናቱ። «ይከሽፋል ብለህ ሰጋህ?»