ነጩን ድንጋይ የጠጡት ሽማግሌ

ሽማግሌው ሃያ ዓመት ሙሉ ባራይት ቆፍረዋል። ባራይት ድሮ ከመሬት ሥር የመጣ ፍል ውሃ በአለት ስንጥቅ ውስጥ ጥሎት የሄደ፣ ነጭና ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ድንጋይ ነው። ማዕድን ማውጫው የተዘጋው፣ እሳቸው ታመው በቀሩበት ቀን፣ ዋሻው ተደርምሶ ስድስት ባልደረቦቻቸውን ውስጥ ሲያስቀር ነው። ማንም አላወጣቸውም።

ዘንድሮ ምግብ አልወርድ ሲላቸው ሴት ልጃቸው ክሊኒክ ወሰደቻቸው። እሷ ውጭ ቀረች፤ የራጅ ባለሙያዋ ነጭ ፈሳሽ በብርጭቆ ሰጠቻቸው።

"ይጠጡት አባባ። ከባራይት የተሠራ ነው፤ ሆድዎን አጥርቶ ያሳየናል።"

"ስቆፍረው ኖሬ ደግሞ ልጠጣው?" አሉና ጨለጡት።

ስክሪኑ ላይ ፈሳሹ እንደ አንጀት አልተጠማዘዘም። ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ሽማግሌው መንገዱን አወቁት፤ የማዕድን ማውጫው ዋሻ ነበር።

"በቀኙ ነው የቀሩት" አሉ ቀስ ብለው።

ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ የባለሙያዋ ፊት ተለዋወጠ። "አባባ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ።"

"አልተንቀሳቀስኩም፣ ልጄ።"

ብረት አለት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሽማግሌው ሆድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሰማ።

ከበሩ ውጭ ልጃቸው "አባዬ፣ ማን ነው የሚያንኳኳው?" አለች።